በዶቅዶቄ በሞሮኮ ምድር



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ሩቅ አገር ነው። አገሪቱ ሞሮኮ ትባላለች። የምትገኘው በአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው። በሰሜን በኩል የሜዲትራኒያን ባሕር አለ። በምዕራብ በኩል የአትላንቲክ ውቅያኖስ አለ። ከአውሮፓ የሚለያት ጠባብ ባሕር ነው። ባሕሩ በጣም በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

እኛ ሁለት የዘመቻ አስተማሪዎች ነን። በሞሮኮ የሚማር አንድ ጓደኛችን ጋበዘንና በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ወደዚያ ሄድን። ስድስት ቀን ሙሉ በሞተር ብስክሌት፣ ማለትም በዶቅዶቄ ዞርን። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳን። ተራራ ወጣን፤ በረሃ ወረድን።

ስለ ተራራውና ስለ በረሃው እንነግራችኋለን። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ሳንደብቅ ልንነግራችሁ ይገባል። በዚያ ጉዞ ላይ እኛ አስተማሪዎቻችሁ ማንበብ የማንችል ሰዎች ሆነን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

የጉዞው ሥርዓት

ጉዞው የጀመረው ከማራኬሽ ከተማ ነው። ማራኬሽ ቀይ ከተማ ትባላለች። ግንቧም ቤቶቿም የቀይ አፈር መልክ አላቸው።

ሰባት ተጓዦች ነበርን። ከተለያየ አገር የመጣን ነን። የምንነዳቸው ሞተሮች ባለ 400 ሲሲ ነበሩ። መሪያችን የዚያው አገር ሰው ነው። ዕድሜው ወደ 50 ይጠጋል። የተወለደው በተራራው ግርጌ ነው። ገና ሳንነሳ ሰበሰበንና የጉዞውን ሥርዓት አስረዳን።

መሪው ሁልጊዜ ከፊት ይነዳል። ከሁሉ ኋላ አስከታይ አለ። አስከታዩ መፍቻና የጎማ መጠገኛ ይይዛል። ከእሱ ኋላ ደግሞ ሻንጣና መለዋወጫ የጫነች ፒክአፕ መኪና ትከተላለች። በመካከል ያለነው ጎን ለጎን አንነዳም። አንዱ በመንገዱ ግራ፣ ቀጣዩ በመንገዱ ቀኝ ሆኖ ይሄዳል። ለምን? የፊተኛው ድንገት ፍሬን ቢይዝ የኋለኛው እንዳይገጨው ነው።

መንገድ ሁለት ቦታ በሚከፈልበት ሥፍራ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው ይቆማል። በእጁ ትክክለኛውን መንገድ ያሳያል። ሁሉም እስኪያልፍ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። በዚህ ዓይነት ማንም ሰው አይጠፋም።

መሪያችን በመጨረሻ እንዲህ አለን፦ «ከሌሎች የተለየ ሰው ባለበት ይቁም። አይፈልገን፤ እኛ እንፈልገዋለን።»

እኛም «እሺ፣ እሺ» አልን። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ከከተማው ስንወጣ ስምንት ማዕዘን ያለው ቀይ ምልክት አየን። ይህ ምልክት በእኛም አገር አለ። ቁም ማለት ነው። በሞሮኮ ግን ጽሑፉ በዓረብኛ ፊደል ነው። መሪያችን «ቂፍ ይባላል፤ ቁም ማለት ነው» አለን። ፊደሉንም በጣቱ እያሳየ ሊያስረዳን ፈለገ። እኛ ግን ሳቅን። «ቅርጹን ካወቅነው ፊደሉ ምን ያደርግልናል?» አልነው። እሱም ምንም አልመለሰልንም። ሄልሜቱን አጥልቆ ተነሳ።

ይህችን ነገር አትርሷት። ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የአትላስ ተራራ

ከማራኬሽ በስተደቡብ የአትላስ ተራራ አለ። በዚህ ተራራ ሰንሰለት ውስጥ ቱብካል የሚባለው ጫፍ 4,167 ሜትር ከፍታ አለው። በሰሜን አፍሪካ ከእሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። በሚያዝያ ወር እንኳን ጫፎቹ ላይ በረዶ ነበር።

መንገዱ ተራራውን የሚያቋርጠው ቲዚ ን ቲሽካ በሚባል በር ነው። በአገሩ ቋንቋ «ቲዚ» ማለት የተራራ መተላለፊያ በር ማለት ነው። ከፍታው 2,260 ሜትር ነው። ሊማሊሞን ወይም የዓባይን በረሃ ያየ ሰው መንገዱን በቀላሉ ሊገምተው ይችላል። ከኩርባ ወደ ኩርባ ነው። ከላይ ቋጥኝ፣ ከታች ገደል ነው።

በዶቅዶቄ ኩርባ የሚታለፍበት ዘዴ አለ። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ነው። ማርሽ ቀድሞ ይቀነሳል። ዓይን ወደ ገደሉ አይመለከትም፤ መውጫውን ይመለከታል። ዓይን ወዳየበት ሞተሩም ይሄዳልና።

ከበሩ ላይ ስንደርስ መሪያችን ሞተሩን አጠፋና ወደ ምዕራብ አመለከተ። በዚያ በኩል ባለው ተራራ ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። መጠኑ 6.8 ነበር። ከ2,900 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከድንጋይና ከጭቃ የተሠሩ መንደሮች ፈረሱ። መንገዶችም በናዳ ተዘጉ። መኪና ማለፍ ባልቻለበት ቦታ ዳቦና ብርድ ልብስ በአህያና በዶቅዶቄ ተጓጓዘ። መሪያችንም በዚያ ሳምንት ሞተሩን ለዚህ ሥራ እንዳዋለ ነገረን። ብዙ አላወራም። ጥቂት ዝም ብለን ቆምንና ቁልቁል ወረድን።

የጭቃው መንደር

ማታ አይት ቤንሐዱ ደረስን። «አይት» ማለት ቤተሰብ ወይም ወገን ማለት ነው። የቤንሐዱ ወገኖች መንደር እንደ ማለት ነው። መንደሩ በኮረብታ ላይ ተደራርቦ የተሠራ ነው። ቤቶቹና ግንቦቹ በሙሉ ከአፈርና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። ዩኔስኮ በ1987 እ.ኤ.አ. ከዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

ጭቃ ሲባል አትናቁት። በደንብ ከተያዘ ብዙ ዘመን ይኖራል። ቀን ያለውን ሙቀት ያበርዳል፤ ሌሊት ያለውን ብርድ ይከለክላል። ዝናብ ሲሸረሽረው ግን ወዲያው መለሰን ያስፈልገዋል። ባለቤቱ የተወው ቤት ይፈርሳል።

በማግሥቱ ዋርዛዛት የምትባለውን ከተማ አለፍን። ከከተማዋ አጠገብ ትልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ አለ። ስሙ ኑር ነው። ኑር ማለት ብርሃን ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሥራ የጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። እጅግ ብዙ መስተዋቶች የፀሐይን ሙቀት ይሰበስባሉ። ሙቀቱ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን መሣሪያ ያዞራል። ሙቀቱ በቀለጠ ጨው ውስጥ ስለሚጠራቀም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ኃይል ይሰጣል።

መስቀል የመሰለው ፊደል

በሁለተኛው ቀን ማታ ቲንግሂር ከተማ አደርን። ከከተማዋ በላይ ቶድራ የሚባል ገደል አለ። በግራና በቀኝ ያለው የድንጋይ ግድግዳ እስከ 300 ሜትር ይደርሳል። መንገዱና ወንዙ በመካከል ተጠጋግተው ያልፋሉ። እዚያ ውስጥ አንድ ዶቅዶቄ ሲነሳ የመቶ ዶቅዶቄ ያህል ያስተጋባል።

በከተማዋ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሰሌዳ አየን። ሰሌዳው በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። አንዱ ዓረብኛ ነው። ሌላው የፈረንሳይኛ ነው። ሦስተኛውን ግን አይተነው አናውቅም። ክብ አለው፤ ቀጥ ያለ መስመር አለው፤ መስቀል የመሰለም አለው።

መሪያችን ፈገግ አለ። «ይህ የእኛ ፊደል ነው። ቲፊናግ ይባላል» አለን።

በሞሮኮ አማዚግ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ሌሎች ሰዎች በርበር ይሏቸው ነበር። ፊደላቸው በጣም ጥንታዊ ነው። በሰሜን አፍሪካ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በሞሮኮ ግን ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤት አይሰጥም ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ቋንቋው በዚህ ፊደል እንዲሰጥ ተወሰነ። ለትምህርት የተመረጡት ፊደላት 33 ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ የአማዚግን ቋንቋ ከዓረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አደረገው።

እኛም መስቀል የመሰለውን ፊደል እያሳየን «ይህ ምን ይላል?» ብለን ጠየቅነው።

«ት ይላል» አለ።

እንዴ! እርስ በርሳችን ተያየን። የእኛም «ተ» መስቀል አይደለምን? በሩቅ አገር የእኛን ፊደል የሚመስል፣ ድምፁም አንድ የሆነ ፊደል አገኘን። ቃሉን በሙሉ ሲያነብልን «ቲንመል» አለ። ትምህርት ቤት ማለት ነው። የእነሱም ትምህርት ቤት የሚጀምረው በ«ት» ነው፤ የእኛም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ በየሰሌዳው ላይ ያችን መስቀል እየፈለግን እንደ ሕፃን ተደሰትን። እናንተ መጀመሪያ ስማችሁን በሰሌዳ ላይ ያገኛችሁ ቀን እንዲህ ሳትደሰቱ አልቀራችሁም። የዓረብኛውን ፊደል ግን አሁንም አልጠየቅንም።

አሸዋው

በሦስተኛው ቀን ወደ ምሥራቅ ነዳን። በመንገዱ ዳር የፍልፈል ጉድጓድ የመሰሉ የአፈር ቁልሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው የጉድጓድ አፍ ናቸው። ከሥር ውሃ የሚወስድ ቦይ አለ። ይህ ኸታራ ይባላል። የቀድሞ ሰዎች ከከፍተኛው ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ በመሬት ውስጥ ወደ ማሳቸው ይስቡ ነበር። ውሃው ከሥር ስለሚሄድ ፀሐይ አትጠጣውም። ቁልሉ ደግሞ ቦዩን ለመጥረግ ሲቆፈር የወጣ አፈር ነው።

ሪሳኒ የምትባል ከተማ አጠገብ የድሮዋ የሲጅልማሳ ፍርስራሽ አለ። በጥንት ዘመን የሰሃራ ነጋዴዎች በግመል ወርቅና ጨው ያመላልሱባት ነበር። ኢብን ባቱታ የተባለው ታዋቂ ተጓዥ በ1352 እ.ኤ.አ. ወደ ማሊ የተነሳው ከዚህች ከተማ ነው። ያኔ ዶቅዶቄ አልነበረም። ግን እነሱም ብቻቸውን አይጓዙም ነበር። መሪ ነበራቸው፤ መሪያቸውንም ይሰሙ ነበር።

መርዙጋ ስንደርስ የአሸዋ ተራራ አየን። ከፍተኛው ወደ 150 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ብርቱካን ይመስላል፤ ማታ ወደ ቀይ ይለወጣል። ጥግ ላይ ባለው አሸዋ ሞተር ለመንዳት ሞከርን። ፊተኛው ጎማ ሰመጠና ሁላችንም ተራ በተራ ወደቅን። አሸዋው ለስላሳ ነው፤ ሳቅ እንጂ ጉዳት አልነበረም።

መንገዱ ተቆርጧል

በአምስተኛው ቀን ግን ሳቅ አልነበረም።

አልኒፍ ከምትባል ከተማ አልፈናል። መሪያችን አንድ መንደር ምሳ ሊያበላን ከአስፋልቱ ወጥቶ በአቧራ መንገድ ይመራን ጀመር። ከኋላ የነበርነው እኛ ሁለታችንና አንድ ሽማግሌ ተጓዥ ነን። የሽማግሌው ጎማ ተነፈሰ። አስከታዩና መኪናዋ ሊረዱት ቆሙ። አስከታዩም ለእኛ «መንታ መንገድ ድረስ ሂዱ። እዚያ ቁሙና ጠብቁን» አለን።

መንታው መንገድ ላይ ደረስን። መንገድ ሊያሳየን የሚገባው ሰው አልነበረም። በኋላ እንደተረዳነው ጥላ ፍለጋ ከዛፉ ሥር ገብቶ ነበር፤ አላየነውም። በግራው መንገድ መግቢያ ላይ በርሜል ተቀምጧል። በርሜሉ ላይ ሰሌዳ አለ። በእጅ የተጻፈ የዓረብኛ ጽሑፍ አለበት። ቀይ ቀለም የለውም፤ ስምንት ማዕዘን የለውም። የምናውቀው ቅርጽ አይደለም። ስለዚህ ምንም አልነገረንም።

መጠበቅ ነበረብን። ግን ፀሐዩ አቃጠለን፤ ርቦናል። በአቧራው ላይ የጎማ ዱካ ያየን መሰለን። ነዳጅ ሰጥተን በግራ በኩል ነዳን። ከማሳው ውስጥ አንድ ሰው እጁን ሲያወዛውዝ አየን። ሰላምታ መስሎን እኛም አወዛወዝን። ሄልሜት ያጠለቀ ሰው ደግሞ ጩኸት አይሰማም።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄድን። አንድ ኩርባ አለፍን። ከኩርባው ወዲያ መንገድ የለም!

በጳጉሜን 2016 ዓ.ም. በዚያ አገር ደቡብ ምሥራቅ ኃይለኛ ጎርፍ ወርዶ ነበር። ሰው ገድሏል፤ ቤትና መንገድ አፍርሷል። ይኼኛውንም መንገድ ወንዙ ቆርጦ ወስዶታል። የቀረው የሁለት ሰው ቁመት ያህል ጥልቀት ያለው ገደል ነው።

ሁለታችንም ፍሬን ያዝን። የፊተኛችን ሞተር በጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ በጎኑ ወደቀ። ከገደሉ አፍ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ስፖኪዮው ተሰበረ። የነጂው ጉልበት ተላጠ። ከዚህ የከፋ ነገር አልደረሰም። ግን ለረጅም ጊዜ እግራችን ተንቀጠቀጠ።

ሞተሩን አንስተን ቀስ ብለን ተመለስን። መንታው መንገድ ላይ አንዲት እናት ቆመዋል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ይሆናል። በጀርባቸው የከብት መኖ ተሸክመዋል። ከማሳው እጃቸውን ያወዛወዙልን እሳቸው ነበሩ።

ሸክማቸውን አወረዱ። የተላጠውን ጉልበት አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ወሰዱን። ጣታቸውን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረጉ። ዓረብኛ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ጣታቸውን ቀስ እያሉ ወደ ግራ እየሳቡ አነበቡ። አነበቡና እኛን አዩን። ደግመው አነበቡ።

እኛ ቆመን ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልንም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ስንቱን ሰው ፊደል ቁጠር እንላለን። ያን ጊዜ ግን ማንበብ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ መሃይሞቹ እኛ ነን።

ብዙም ሳይቆይ መሪያችን ፈልጎን መጣ። የሆነውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ግን አልተቆጣም። ሴትየዋን «ኻልቲ» ብሎ ሰላም አላቸው። አክስቴ ማለት ነው። ከዚያ ሰሌዳውን ተረጎመልን። «አጥጠሪቅ መቅጡዓ» ይላል። መንገዱ ተቆርጧል ማለት ነው።

መሪያችን በጣቱ አንድ ፊደል አሳየን። ክብ ራስ አለው፤ ከላይ ሁለት ነጥብ አለው። ፊደሉ በሁለቱም ቃላት ውስጥ አለ። «ይህን የት አያችሁት?» አለን።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። ቀዩ ምልክት ላይ የነበረው የ«ቂፍ» መጀመሪያ ነው። በየከተማው ስናየው ሰንብተናል። «ፊደሉ ምን ያደርግልናል?» ብለን የሳቅንበት ነው። አንገታችንን ደፋን።

እናት የተናገሩት

እኒያ እናት ቤታቸው ወስደው ሻይ አጠጡን። ሻዩ በናና የተፈላ ነው። እዚያም ስሙ ናዕናዕ ነው፤ ከእኛው ናና ብዙም አይለይም። ሻዩ ከፍ ካለ ቦታ እየተንቆረቆረ ይቀዳል። ስኳሩ ብዙ ነው፤ ለደነገጠ ሰው ጥሩ ነው።

መሪያችን ሁለታችንም አስተማሪዎች እንደሆንን፣ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል እንደምናስተምር ነገራቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን የንቀት ሳቅ አልነበረም። እንዲህ አሉ፦

«አይዟችሁ ልጆቼ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ።»

ማንበብ የተማሩት በመስጊድ ውስጥ በሚሰጥ ትምህርት ነው። በሞሮኮ ይህ የመስጊድ ትምህርት በ2000 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የእሳቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋ አማዚግ ነው፤ የተማሩት ደግሞ በዓረብኛ ነው። ፊደሉንም ቋንቋውንም አብረው ነው የተማሩት። «መጀመሪያ እጄ እምቢ አለኝ። ማጭድ የለመደ እጅ እርሳስ ይከብደዋል» አሉ።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ1960 እ.ኤ.አ. በሞሮኮ ከመቶ ሰው 87ቱ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ግን ቁጥሩ ከመቶ ወደ 25 ወርዷል። ከቀሩት መካከል ብዙ የገጠር ሴቶች ይገኛሉ። ቁጥሩ የቀነሰው እንደ እኒያ እናት ያሉ ሰዎች ማታ ማታ ከሥራ በኋላ እየተቀመጡ ነው።

ወደ ቤት

በስድስተኛው ቀን የአትላስን በር መልሰን አልፈን ማራኬሽ ገባን። ከተማው መግቢያ ላይ ቀዩ ምልክት ቆሟል። ሁላችንም ቆምን። እኛ ግን በዚህ ጊዜ የቆምነው በቅርጹ አይደለም። ከቀኝ ወደ ግራ አንብበን ነው የቆምነው። ቂፍ። ሁለት ፊደል ብቻ ናት።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህን የነገርናችሁ ለመሳቂያ ብቻ አይደለም። ከዚያ ጉዞ በፊት ክፍል ውስጥ «ይህማ ቀላል ነው፤ እንዴት ይጠፋችኋል?» እንል ነበር። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁናል። ይቅርታ አድርጉልን። ፊደል ለሚያውቀው ነው ቀላል። ለማያውቀው ሰሌዳውም ዝም ያለ እንጨት ነው። አለማወቅ ሞኝነት አይደለም። ሞኝነትስ ሊያስረዱን ሲፈልጉ ስቀን ማለፋችን ነበር።

እናንተ ይህን ገጽ እያነበባችሁ እዚህ ደርሳችኋል። እኒያ እናት በዚያ ቀን ያደረጉልንን እናንተም ለሌላ ሰው ልታደርጉ ትችላላችሁ።

ለመወያያ
1. ከሌሎች የተለየ ተጓዥ ምን ማድረግ አለበት? ለምን?
2. በሰፈራችሁ ወይም በመንገዳችሁ ላይ ምን ምን ሰሌዳ አለ? አንዱን አንብባችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።
3. ሰሌዳውን ማንበብ ለማይችል አንድ ሰው ጣታችሁን በፊደሉ ላይ እያስኬዳችሁ አንብቡለት። አትሳቁበት።